ወጥቶ መሄድ ወይስ ውስጥ ሆኖ መሟገት? የአንግሊካን ወንጌላውያን ጉዳይ

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አስተባባሪ ነኝ። በቅርቡ ፈረንጅ አራዳ ባደረግነው ጥናት ላይ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነገር ተነሥቶ ከረር ያለ ክርክር ሆነ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ «ጳጳሳቷ ትንሣኤን እስከ መጠራጠር በደረሱባት፣ ዛሬም ለአንድ ፆታ ጥንዶች የበረከት ጸሎት በፈቀደች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀሩ ወንጌላውያን ፈሪዎች ናቸው» ይላሉ። ሌሎቻችን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አልመሰለንም። ወግ አጥባቂዎቹ ለለዘብተኛው ሥነ መለኮት የሰጡት መልስ ምን ነበር? ለምንስ ወጥተው አልሄዱም?

መልስ፦ የተከበሩ ወንድማችን፣ ክርክራችሁ በእንግሊዝ ወንጌላውያን መካከልም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳያባራ የኖረ ስለሆነ፣ በአንድ የጥናት ምሽት ባለመቋጨቱ አይዘኑ። አንግሊካን የምንለው የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያንና ከእርሷ የተገኙትን አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ወንጌላውያን የምላቸውም በውስጧ ያሉትን፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ሥልጣን አጥብቀው የሚይዙትን ወገኖች ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ጠቡ በጋብቻ ጉዳይ አለመጀመሩ ነው። ለዘብተኛ የሚባለው ሥነ መለኮት የመጽሐፍ ቅዱስን ቃልና የጥንቱን የሃይማኖት መግለጫ በየዘመኑ እውቀት እየመዘነ፣ ዘመኑ ለመቀበል የሚከብደውን ነገር ምሳሌያዊ ትርጉም እየሰጠ የሚያልፍ አካሄድ ነው። ደጋፊዎቹ እምነትን ለማፍረስ ሳይሆን የተማረው ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቅ ለማድረግ እንደሚደክሙ ይናገራሉ፤ ይህን ማለታቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ወግ አጥባቂዎቹ ግን ገና ከመነሻው የጠየቁት ሌላ ነገር ነው፦ መጽሐፉና ዘመኑ ሲጋጩ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ በግልጽ የፈነዳው በ1860 ነው። በዚያ ዓመት ሰባት ጸሐፊዎች፣ አብዛኞቹ ካህናት፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ማንኛውም ጥንታዊ መጽሐፍ እንዲመረመር የሚጠይቁ ጽሑፎችን በአንድ ቅጽ አሳተሙ። ከእነርሱ ሁለቱ ተከሰው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ቢፈረድባቸውም፣ በ1864 የዘውዱ አማካሪ ምክር ቤት የዳኝነት ኮሚቴ በይግባኝ ነጻ አወጣቸው። ወደ 11,000 የሚጠጉ ካህናት በተቃውሞ መግለጫ ላይ ፈረሙ፤ ይሁን እንጂ ፍርዱ አልተለወጠም። በደቡብ አፍሪካ የናታል ጳጳስ የነበረው ጆን ኮሌንሶ በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ታሪካዊነት ላይ ጥርጣሬውን በማሳተሙ ከሹመቱ ሲሻርም ያው ኮሚቴ ሽረቱ ሕጋዊ አይደለም አለ። የአንግሊካን ጳጳሳት ከየአገሩ በ1867 ለመጀመሪያ ጊዜ በላምቤዝ፣ ለንደን በሚገኘው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ መኖሪያ፣ የተሰበሰቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው የኮሌንሶ ጉዳይ ነበር። ከዚህ በኋላ ወግ አጥባቂው ወገን አንድ ነገር ተረዳ፤ በመንግሥት ሕግ በተመሠረተች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትምህርትን በክስ ማስጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ፊቱን ወደ ስብከት፣ ወደ ማሠልጠኛ ኮሌጆችና ወደ መጻሕፍት መለሰ።

በሃያኛው መቶ ዘመን ደግሞ ጥርጣሬው ከምሁራን ክፍል ወጥቶ ከጳጳሳት አፍ ይሰማ ጀመር። የዉሊች ጳጳስ ጆን ሮቢንሰን በ1963 ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ «በላይ ያለ አምላክ» የሚለውን የተለመደ አነጋገር ተቸ፤ መጽሐፉም እጅግ ብዙ ቅጂ ተሸጠ። በ1984 የደርሃም ጳጳስ እንዲሆን የተመረጠው ዴቪድ ጄንኪንስ ከድንግል መወለድንና የትንሣኤን አካላዊነት በሚመለከት በቴሌቪዥን የሰጠው አስተያየት ታላቅ ቁጣ አስነሣ። በዮርክ ካቴድራል ከተሾመ ከሦስት ቀን በኋላ የካቴድራሉ አንድ ክንፍ በእሳት መጋየቱንና መብረቅ ሳይመታው እንዳልቀረ መገመቱን ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል፤ ይህን ታሪክ በእኛም አገር ሰባኪዎች ሲያነሡት አጋጥሞኛል። እኔ ግን በመብረቅ የሚደገፍ ክርክር ክርክር አይመስለኝም። ለጄንኪንስ ዓይነቱ ጥርጣሬ የሚበጀው መልስ ስለ ትንሣኤ የተጻፉትን ምስክርነቶች አንድ በአንድ አንሥቶ መመርመር ነው፤ የረባውን ሥራ የሠሩት ወንጌላውያንም ይህንኑ ያደረጉት ናቸው።

አሁን «ለምን አልወጡም?» ወደሚለው ልምጣ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሠላሳ ዘጠኙ የእምነት አንቀጾችና በ1662ቱ የጸሎት መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ስድስተኛው አንቀጽ ለመዳን የሚያስፈልገው ሁሉ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ ይናገራል፤ ሃያኛው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከተጻፈው የእግዚአብሔር ቃል ጋር የሚጋጭ ነገር እንዳትደነግግ ይከለክላል። እነዚህ ሰነዶች አልተሻሩም። በሠፈራችሁ ያለ እድር ሊቀ መንበሩ ደንቡን ቢጥስ፣ ደንቡን ይዞ የሚሟገተውን አባል «አንተ ከእድራችን ወጥተሃል» የሚለው የለም፤ ከደንቡ የወጣው ሌላው ነውና። የወግ አጥባቂዎቹ ሙግት በአጭሩ ይህ ነው፦ ቤቱ በሕግም በእምነትም የእኛ ነው፤ ማስረዳት የሚገባው ትምህርቱን የተወው ወገን ነው። በዚህ ላይ የአጥቢያ ካህን በቀላሉ ከቦታው የማይነሣ በመሆኑ ጳጳሱ ለዘብተኛ ቢሆንም በአጥቢያው ወንጌልን ከመስበክ የሚከለክለው ብዙም አልነበረም።

ክርክሩ ፊት ለፊት የወጣው ጥቅምት 18 ቀን 1966 ለንደን ውስጥ በተደረገ የወንጌላውያን ጉባኤ ላይ ነው። የአንግሊካን አባል ያልነበረው ታዋቂው ሰባኪ ማርቲን ሎይድ ጆንስ፣ ወንጌላውያን ከለዘብተኞች ጋር ከተቀላቀሉባቸው ቤተ እምነቶች ወጥተው አንድነታቸውን በገሃድ እንዲያሳዩ ጥሪ አቀረበ፤ ብዙዎች የተረዱትም እንዲሁ ነው። ስብሰባውን ይመራ የነበረው የአንግሊካኑ ካህን ጆን ስቶት ከመድረኩ ሳይወርድ፣ ታሪክም መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ሐሳብ እንደማይደግፉ ተናገረ። በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝ በኪል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ወደ 1,000 የሚጠጉ አንግሊካን ወንጌላውያን በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለመቆየትና በአስተዳደሯም ለመሳተፍ ወሰኑ። ስቶት ሦስት መንገዶችን ይለይ ነበር፦ ወጥቶ መሄድ፣ ለሰላም ሲባል እምነትን እያላሉ መኖር፣ ሦስተኛው እምነትን ሳያላሉ ውስጥ መቆየት። እርሱ የመረጠው ሦስተኛውን ነው።

«ፈሪዎች» የሚለው ቃል እንግዲህ በእኔ ግምት ስቶትንና መሰሎቹን አይመጥናቸውም። ነገር ግን ከኪል በኋላ የሆነውን ሁሉ አላመሰግንም። በየኮሚቴው መግባት ዋጋ አስከፍሏል፤ ከጊዜ ብዛት የተወሰኑት ወንጌላውያን ሹመት ሲያገኙ ድምፃቸው ቀነሰ፣ ስሙን እንጂ ትምህርቱን ያልያዘ ወንጌላዊነትም ተስፋፋ። ሎይድ ጆንስ የፈራው ነገር ፈጽሞ ሐሰት ነበር ለማለት አልደፍርም።

የወጡም አሉ፤ አወጣጣቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በ1922 በአንድ አንግሊካን የሚስዮን ማኅበር ውስጥ በመጽሐፍ ቅዱስ ታማኝነት ላይ በተነሣ ጠብ ወግ አጥባቂዎቹ ተለይተው የራሳቸውን የሚስዮን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ግን አልወጡም። ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በ1930ዎቹ በአልፍሬድ በክስተን መሪነት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሚስዮናውያን የላካቸው ያው አዲሱ ማኅበር ነው። በካናዳ ደግሞ የኒው ዌስትሚኒስተር ሀገረ ስብከት በ2002 ለአንድ ፆታ ጥንዶች ቡራኬ ሲፈቅድ፣ የሥነ መለኮት ሊቁ ጄምስ ፓከር ከጉባኤው አዳራሽ ወጣ። የእርሱ አጥቢያ በ2008 ከሀገረ ስብከቱ ተለየ፤ በመጨረሻም በፍርድ ቤት ተረትቶ ሕንፃውን ለቀቀ። በሰሜን አሜሪካ የወጡት በ2009 አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ።

ከሁሉ የገነነው መልስ የመጣው ግን ከአፍሪካ ነው። በ1998 በላምቤዝ ጉባኤ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት መሆኑን የሚያጸናው ውሳኔ በ526 ድምፅ በ70 ተቃውሞ ሲያልፍ፣ ሚዛኑን የደፋው ከአፍሪካና ከእስያ የመጡት ጳጳሳት ድምፅ ነበር። አሜሪካውያኑ በ2003 ከወንድ ጋር በትዳር መሰል ኑሮ የሚኖረውን ጂን ሮቢንሰንን ጳጳስ አድርገው ሲሾሙ ውሳኔው በተግባር ተጣሰ፤ ወግ አጥባቂዎቹም በ2008 ኢየሩሳሌም ተሰብስበው ባለ 14 ነጥብ መግለጫ በማውጣት ጋፍኮን የተባለውን ኅብረት አቋቋሙ። የእንግሊዝ ሲኖዶስ በየካቲት 2023 የበረከት ጸሎቶቹን ሲቀበል፣ ከሁለት ወር በኋላ ኪጋሊ ላይ ከ52 አገሮች የተሰበሰቡ ከ1,300 በላይ የጋፍኮን ልዑካን የአንግሊካን ኅብረት ቀዳሚ መሪ ተደርጎ በሚታየው በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ አመራር ላይ እምነት እንደሌላቸው አስታወቁ። በእንግሊዝ የቀሩትም ዝም አላሉም፤ ብዙ አጥቢያዎች ለሀገረ ስብከቱ የሚልኩትን ገንዘብ ወደ ሌላ ቋት አዙረዋል፣ የሚጠብቃቸው ሌላ ጳጳስ እንዲመደብላቸውም ይጠይቃሉ። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2013 ከስዊድንና ከአሜሪካ ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ጋር ያላትን ኅብረት ማቋረጧን አንሥቶ «አንግሊካኖቹስ ለምን እንዲሁ አልተለዩም?» የሚል ቢኖር፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከሌላዋ ጋር ግንኙነት ማቆሟና አንድ ካህን ከራሱ ምእመናን ተለይቶ መሄዱ ለየቅል መሆኑን ያስረዱልኝ።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የሴቶችን ቅስና የሚደግፍ አንግሊካን ሁሉ ለዘብተኛ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህታችን። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ለቅስና መሾም የጀመረችው በ1994 ነው፤ ጳጳስ እንዲሆኑ የፈቀደችው በ2014። በዚህ ላይ ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው ሁለት ናቸው፦ አንደኛው ወገን የጳውሎስን ቃል መሠረት አድርጎ ይቃወማል፣ ሌላው ከዚያው መጽሐፍ ተነሥቶ ይደግፋል። በጋፍኮን ውስጥ ዩጋንዳ ሴት ካህናት ሲኖሯት ናይጄሪያ የላትም። ልዩነቱ ቀላል ባይሆንም፣ ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉ የመጨረሻው ዳኛ መሆኑን ስለሚቀበሉ ከትንሣኤው ክርክር ጋር አንድ ላይ ሊጨፈለቅ አይገባም።

ጥያቄ፦ የአጥቢያ ሽማግሌ ነኝ። ለሥራ ወደ ጅማ የመጣ አንድ እንግሊዛዊ አንግሊካን መሆኑን ነግሮን በእሑድ ጉባኤያችን መስበክ ቢፈልግ ልንፈቅድለት ይገባል?

መልስ፦ አንግሊካን መሆኑ ብቻውን፣ አባታችን፣ ስለሚያስተምረው ትምህርት ብዙም አይነግርዎትም። አገራችን ውስጥ በጋምቤላ የሚበዙት አንግሊካኖች ማዕከሉ ግብፅ በሆነው የእስክንድርያ ክፍል ሥር ናቸው፤ ይህም ክፍል በትምህርቱ ወግ አጥባቂ ነው። ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። ከአጥቢያው ካህን የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቁት፤ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን፣ ስለ ክርስቶስ በአካል መነሣትና ስለ መስቀሉ ሥራ ምን እንደሚያምን ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት በትሕትና ያነጋግሩት። መልሱ ካላረካችሁ በእንግድነት ተቀብሎ ሻይ መጋበዝ ይቻላል፤ መድረኩን መስጠት ግን ግዴታ አይደለም።