ፒ0171 ኮድ ሲመጣ ኦክስጅን ሴንሰር ለመግዛት አትቸኩል

ወንድሜ፣ የ2004 ኮሮላህ (1800 ሲሲ፣ 1ዜድዜድ ሞተር) ቼክ ኢንጅን በርቶ ፒ0171 አወጣ፤ የፊቱ ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) ተቀየረ፤ መብራቱ ግን በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። አሁን «የኋላውንም እንቀይር» ተብለህ ትክክል ነው ወይ ብለሃል። አይደለም፤ ገንዘብህን ያዝ።

ፒ0171 ማለት ለገባው አየር ቤንዚኑ አነሰ ማለት ነው። ይህን ያየው የፊቱ ሴንሰር ነው፤ አይቶ መናገሩ ግን ተበላሽቷል አያሰኘውም። ሴንሰሩ ራሱ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሌላ ኮድ ይመጣል፣ ለምሳሌ ማሞቂያው ሲቃጠል ፒ0135። የኋላው ደግሞ ዋና ሥራው ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) መከታተል ስለሆነ እሱን መቀየር እዚህ ላይ አይፈይድም።

ኮዱን ከማጥፋትህ ወይም ባትሪ ከመንቀልህ በፊት ፍሪዝ ፍሬሙን (ኮዱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ያስቀረውን መረጃ) ስካነሩ ላይ አውጥተህ ፎቶ አንሳው። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ ስንት ዲግሪ እንደነበረና በስንት ዙር ይዞር እንደነበር እዚያ ላይ አለ፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ከዚያ ሞተሩን አሙቀህ፣ ኤሲ አጥፍተህ፣ በስካነሩ ላይቭ ዳታ ሾርት እና ሎንግ ፊውል ትሪምን (ኮምፒውተሩ ቤንዚን የጨመረበትን ወይም የቀነሰበትን ፐርሰንት) አንብበህ ደምራቸው። አንዴ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ)፣ አንዴ ደግሞ ነዳጅ ሰጥተህ 2500 ዙር ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይዘህ። ድምሩ ከፕላስ 10 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከዚህ በኋላ የት እንደምትፈልግ የሚወስኑልህ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

በሚኒሞ ፕላስ 25 የነበረው በ2500 ዙር ወደ 5 ከወረደ ያልተለካ አየር (የአየር መለኪያውን ማፍ ሴንሰር ሳያልፍ) እየገባ ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ የቀዳዳው ድርሻ ይገዝፋል፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ያው ቀዳዳ ከቁጥር አይገባም። በዚህ ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኢንቴክ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ጓርኒሲዮን ነው። ሲያረጅ ጠዋት በብርድ አየር ያሳልፋል፣ ሲሞቅ ይገጥማል። ስለዚህ ፍሪዝ ፍሬሙ ላይ የሞተሩ ሙቀት ዝቅ ያለ ከሆነ ሙከራውን ጠዋት፣ ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ድገመው፤ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሄደህ ብትፈትሽ ምንም ላይታይ ይችላል። ቀጥሎ የፍሬን ሰርቮውን ቱቦ፣ የፒሲቪውን (የሞተር ውስጥ ጋዝ መመለሻውን) ቱቦ፣ በማፍ ሴንሰሩና በትሮትሉ (በአየር መክፈቻው) መካከል ያለውን ጥቁር የአየር ላስቲክ እይ። ላስቲኩን እጠፈው፤ ስንጥቁ ተዘርግቶ ሳለ አይታይም። ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ አንድ በአንድ ቆንጥጥ፤ ትሪሙ የወረደበት ቱቦ ጥፋተኛው ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ መፈለግ የተለመደ ነው፤ ግን የሞቀ የጭስ ማኒፎልድ አጠገብ እሳት ያስነሳል። የሳሙና ውኃ ይበቃል።

በሚኒሞ ደህና ሆኖ በ2500 ዙር ወይም ዳገት ላይ ከጨመረ፣ ማፍ ሴንሰሩ ቆሽሿል ወይም የቤንዚን ግፊት ደክሟል። ርካሹን አስቀድም፦ ሞተሩን አጥፍተህ ማፉን ፍታና ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ብቻ እርጨው። ጥጥም ጣትም አይንካው፣ ሽቦው ይበጠሳል። ደርቆ እስኪያበቃ ጠብቀህ ግጠመው። ካልተለወጠ ግፊቱን በጌጅ አስለካ፤ ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ታንክ ውስጡ ፊልትሮና ፓምፕ ሂድ። በሁለቱም ዙር እኩል ከፍ ካለ ደግሞ ከግፊቱ ሌላ ከሴንሰሩ በፊት ያለውን የጭስ መስመር እይ፤ እዚያ ያለ ስንጥቅ አየር እየሳበ ሴንሰሩን ያሳስተዋል።

አዲሱ ሴንሰር መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ ሳለ በድንገት ነዳጅ ስጠው፤ ቮልቴጁ ከ0.8 በላይ ዘሎ፣ እግርህን ስታነሣ ከ0.2 በታች ከወረደ ጤነኛ ነው። ይህ የሚሠራው ለተራው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። የአሜሪካ ገበያ የሆኑ አንዳንድ ኮሮላዎች ከፊት የሚገጠምላቸው ኤር ፊውል ሬሾ ሴንሰር ነው፤ በእሱ ቦታ ተራው ቢገባ አይሠራም። ስለዚህ አሮጌው ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር ከአዲሱ ጋር አመሳክር።

  

ከጠገንክ በኋላ ኮዱን አጥፋና ንዳው። ይህ ኮድ መብራቱን የሚያበራው ጉድለቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲታይ ስለሆነ የመጀመሪያ ቀን አለመብራቱን አትመን፣ ትሪሙን እይ። የሚኒሞውንና የ2500ውን ድምር፣ ከፍሪዝ ፍሬሙ ፎቶ ጋር ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።