የታዘዘው ተዋጊ ጄት ሲዘገይስ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አንድ አገር ከውጭ ያዘዘችው ተዋጊ ጄት ከዘገየባት ዝም ብላ ከመጠበቅ ሌላ ምን አማራጭ አላት?

መልስ፦ አላት እንጂ! ስሎቫኪያ 14 ኤፍ-16 የሚባሉ የአሜሪካ ተዋጊ ጄቶች እ.ኤ.አ. በ2018 አዘዘችና ዘገየባት፣ አሮጌዎቹን ሚግ-29 ጄቶቿን በ2022 ከአገልግሎት ስታስወጣ ሰማይዋን ፖላንድና ቼክ ናቸው የጠበቁላት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጄቶች የገቡት በ2024 ነው። ኪራይም አለ፣ ቼክ ራሷ ከ2005 ጀምሮ 14 ግሪፐን የሚባሉ ተዋጊ ጄቶች ከስዊድን ተከራይታለች። ለኔ ግን የሚሻለው ያለውን ማደስ ነው፣ ታይዋን በ2019 ያዘዘቻቸውን 66 ኤፍ-16 እየጠበቀች የድሮዎቹን ራዳርና ኮምፒውተር ቀየረች፣ ፓይለቱም ቴክኒሻኑም ከስራ አይርቅም ማለት ነው፣ የደከመ የአውሮፕላን አካልን ግን አዲስ ራዳር አያድነውም፣ እሱ ቀድሞ ይመርመር። ውሉን ሰርዞ ሌላ አገር መሄድ? እዛም ወረፋ አለ፣ ስልጠናውም ከዜሮ ይጀመራል።