ኢንቲግራል ካልኩለስን ልውሰደው ወይስ ላቆየው ላለችው እህታችን

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ካልኩለስ በጥሩ ውጤት ጨርሰሻል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ነው ሲባል ሰምተሽ፣ ልውሰደው ወይስ ላቆየው፣ ከወሰድኩትስ እንዴት ላጥናው ብለሽ ጠይቀሻል። ትምህርቱን ወስጄዋለሁ፤ ከዚያም በኋላ ታናናሾቼን ለዓመታት አስጠንቻለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ አታቆዪው። የዴሪቬቲቭ (የለውጥ መጠን) ሕጎች ከአእምሮሽ ሳይጠፉ ግቢበት። አንድ ሴሚስተር አቆይተው የተመለሱ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የረሱትን በማስታወስ ሲያሳልፉ አይቻለሁ።

የአጠናኑ ነገር ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ዴሪቬቲቭ ላይ ሕጉን ያወቀ ሰው መንገዱ የተጠረገ ነው። ፋንክሽኖቹ ከተባዙ የብዜት ሕግ አለ፣ ከተካፈሉ የማካፈል ሕግ አለ፤ ጥያቄው ራሱ ምን እንደምታደርጊ ይነግርሻል። የዴሪቬቲቭ ግልባጭ የሆነው ኢንቲግራል ላይ ይህ ምልክት የለም። ዘዴዎቹን በሙሉ በቃል አጥንተሽ ገብተሽ እንኳ የትኛውን እንደምታነሺ ግራ ሊገባሽ ይችላል። ጎበዝ ተማሪዎች ፈተና ላይ እርሳስ ይዘው የሚቀሩት እዚህ ቦታ ነው።

እስኪ ኢንቲግራላቸው የሚፈለግ ሦስት ክፍልፋዮች ልስጥሽ። የመጀመሪያው ላዕዩ 1፣ ታህቱ ኤክስ ካሬ ሲደመር 1 ነው። ሁለተኛው ታህቱ ያው ሆኖ ላዕዩ ኤክስ ነው። ሦስተኛው ላዕዩ እንደገና 1 ሆኖ ታህቱ ኤክስ ካሬ ሲቀነስ 1 ነው። ለዓይን ወንድማማች ይመስላሉ። የመጀመሪያው መልስ አርክታንጀንት፣ ማለትም የታንጀንት ግልባጭ ነው። ሁለተኛው የታህቱ ዴሪቬቲቭ ሁለት ኤክስ ስለሆነና ግማሹም ላዕዩ ላይ ስለተቀመጠ በምትክ ዘዴ በአንድ መስመር ያልቃል፤ መልሱ የታህቱ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ግማሽ ነው። ሦስተኛው ታህቱ ወደ ኤክስ ሲቀነስ 1 እና ኤክስ ሲደመር 1 ስለሚበተን በፓርሻል ፍራክሽን ወደ ሁለት ቀላል ክፍልፋዮች ይከፈልና ሁለት ሎጋሪዝሞች ይወጡታል። አንዲት ምልክት ከመደመር ወደ መቀነስ ስትዞር መንገዱ ሁሉ ተለወጠ። ይህን ልዩነት ከሩቅ መለየት ከቻልሽ ትምህርቱን ይዘሽዋል።

ችግሩ መጽሐፉ ይህን ችሎታ አያለማምድሽም። ከእያንዳንዱ ክፍል ቀጥሎ የሚመጡት መልመጃዎች በዚያው ክፍል ዘዴ የሚፈቱ ናቸው፤ ዘዴው ገና ሳታስቢው ተነግሮሻል። ፈተናው ግን ሁሉን ይደባልቃል። ስለዚህ ከየክፍሉ ጥቂት ጥቂት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ገልብጪና ቀላቅያቸው። አንድ በአንድ አንሺና ሳትፈቺ በየትኛው ዘዴ እንደሚሄድ፣ ምን አይተሽ እንደዚያ እንዳልሽ ብቻ ተናገሪ። ከዚያ ጥቂቶቹን እስከ መጨረሻው ፍቺ፤ መልስሽንም ዴሪቬቲቩን ወስደሽ አረጋግጪ። ትክክል ከሆነ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ የተሻለ አራሚ የለም፣ ፈተና ክፍል ውስጥም አብሮሽ ይገባል።

ሳልናገር የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። ካስጠናኋቸው አብዛኞቹ ነጥብ የሚያጡት በካልኩለሱ ሳይሆን በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ነው። ሙሉ ካሬ ማድረግ፣ ክፍልፋይ መበተን፣ የሳይን ካሬን በድርብ ማዕዘን ኮሳይን መጻፍ፤ እነዚህን ያለምንም ማመንታት መሥራት አለብሽ። ሴሚስተሩ ሳይጀመር ያለሽን ጊዜ ለእነሱ ስጪ።

የስፋትና የይዘት ጥያቄዎች ሥዕሉን ለሚሥል ሰው አይከብዱም። የሚከብደው መጨረሻ ላይ የሚመጣው፣ ሲሪስ የሚባለው ማለቂያ የሌለው ድምር ነው፤ ለእኔ ግን ከትምህርቱ ሁሉ ውቡ እሱ ነው። 1፣ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ እያልሽ ስትደምሪ ተደማሪዎቹ ወደ ዜሮ ይጠጋሉ፤ ድምሩ ግን ወሰን የለውም። ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው እንዲህ ነው፦ ሲሶና ሩብ ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ፤ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ ስምንተኛ ያሉት አራቱም ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ፤ ቀጣዮቹ ስምንቱም እንዲሁ። ግማሽ ላይ ግማሽ ያለማቋረጥ ይጨመራል። ታህቶቹን ካሬ ብታደርጊያቸው ግን ድምሩ ይቆማል፤ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳገኘው ልኩ ፓይ ካሬ ሲካፈል ለ6 ነው። እነዚህን ሁለት ድምሮች በደንብ ከተረዳሽ አንድ ድምር ይቆም አይቆም እንደሆነ የሚለዩትን የማነጻጸሪያ ደንቦች መሸምደድ አያስፈልግሽም፤ አዲስ ድምር ሲመጣ ከሁለቱ ማንን እንደሚመስል ትጠይቂያለሽ።

በዚያው ሴሚስተር ሌላ ምን ምን ልትወስጂ እንዳሰብሽ አልጻፍሽም። ፊዚክስ ካለበት ጥሩ ነው፤ ሥራና ጉልበት ሲሰላ ኢንቲግራሉን በተግባር ታዪዋለሽ። ከዚያ ውጪ ብዙ የቤት ሥራ ያለው ሁለት ሦስት ትምህርት ከተደራረበ ግን አንዱን ለሌላ ጊዜ አሳልፊ። ዝርዝሩን ጻፊልንና አብረን እንየው።