በካሬ ዋጋ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ ኮንትራክተሩ ለጂ ፕላስ ዋኑ ቤት «በካሬ ይህን ያህል» ብሎኛል፣ ልፈርም ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አሁን አትፈርሚ። መጀመሪያ ቢኦኪው አሠሪ፤ የእያንዳንዱን ሥራ መጠንና ዋጋ የሚዘረዝር ሰነድ ነው። የካሬ ዋጋ ከመሬት በታች ያለውን አያውቅም። ጥቁር አፈር ከወጣ ተቆፍሮ ይወገድና በገረጋንቲ ይሞላል፤ ጸቡ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ቢኦኪው ሲመጣ አንዳንዱን ራስሽ ፈትሺ። 40 በ20 ብሎኬት ለአንድ ካሬ ግድግዳ 12.5 ይገባል። 5 በ3 ሜትር ግድግዳ 15 ካሬ ነው። በርና መስኮቱ 3 ካሬ ከያዙ የምትከፍዪው የ12 ካሬ ብቻ ነው። 150 ብሎኬት፣ ለስብራት ትንሽ ጨምሪበት። በሩን ሳይቀንሱ የሚለኩ ስንቱን አይቻለሁ!

ፌሮ የሚገዛው በቤርጋ (በሙሉ ዘንግ) ነው፣ ቢኦኪው ላይ ግን በኪሎ ይጻፋል። የውፍረቱን ሚሊሜትር በራሱ አባዢና ለ162 አካፍዪ፤ የአንድ ሜትሩን ክብደት ይሰጥሻል። ባለ 12 ሚሊሜትሩ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ነው፣ 12 ሜትር የሚረዝመው ቤርጋ ደግሞ 10.7 ኪሎ። ከመኪና ሲወርድ መዝኚው። የቀጠነ ፌሮ ቤቱን ራሱን ነው የሚጎዳው።

ክፍያውም ቦታው ላይ ተለክቶ በተሠራው ልክ ይሁን። የሶሌታው (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ፌሮ ተቆጥሮ ፎቶ ሳይነሳ ኮንክሪት እንዳይሞላበት።