የሚዞረው ሽቦ ለምን ኤልኢዲ አያበራም?

ጠያቂያችን 5 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ዙር የመዳብ ሽቦ በሁለት ማግኔቶች መካከል በእጅ አሽከርክረው፣ ጫፎቹን በሁለት ቀለበቶችና እነሱን እየነኩ ጅረት በሚያስተላልፉ ብሩሾች በኩል ከመልቲሜትር (ከኤሌክትሪክ መለኪያ) ጋር አገናኝተዋል። በዲሲ (አቅጣጫው በማይለወጥ ጅረት) መለኪያ የሚነበበው ግን ዜሮ አካባቢ ብቻ ነው፤ ቀይ ኤልኢዲም (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) አልበራላቸውም።

አሠራርዎ ትክክል ነው፤ ያነሰው የሽቦው ዙር ብዛት ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ቮልቴጅ የሚፈጥረው በሽቦው መሐል የሚያልፈው መግነጢሳዊ መስክ መኖሩ ሳይሆን መለዋወጡ ነው። ስለዚህ የሽቦው ፊት ከመስኩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ብዙ መስክ ሲያልፍበት ቮልቴጁ ዜሮ ይሆናል፤ ከመስኩ ጋር ትይዩ ሲሆን ደግሞ፣ ምንም እንኳ በመሐሉ የሚያልፍ መስክ ባይኖርም፣ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ስለሚገምት ይህን ነጥብ ረጋ ብለው ያስቡበት። ከዚያም ወደ ላይ ይወጣ የነበረው የሽቦው ጎን ወደ ታች መውረድ ሲጀምር የጅረቱ አቅጣጫ ይገለበጣል። በፍጥነት ሲያሽከረክሩት የዲሲ መለኪያው አዎንታዊውንና አሉታዊውን ግማሽ አማካኝ አድርጎ ስለሚያነብ ዜሮ ያሳያል።

መጠኑን እናስላው። መስኩ 0.1 ቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ቢሆንና በሰከንድ 5 ጊዜ ቢያሽከረክሩት፣ ከአንድ ዙር ሽቦ የሚገኘው ከፍተኛ ቮልቴጅ 6 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ቀይ ኤልኢዲ ግን 1.8 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። የብዙ ርካሽ መልቲሜትሮች ዝቅተኛው የኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ጅረት) መለኪያ 200 ቮልት ስለሆነ ወደ ኤሲ ቢያዞሩትም ይህችን ታህል አያሳይዎትም።

በዚያው ልክ 200 ዙር ቀጭን የኢናሜል ሽቦ (ጅረት በማያሳልፍ ስስ ሽፋን የተለበጠ ሽቦ) ይጠምጥሙ፤ በሰከንድ 5 ጊዜ ሲያሽከረክሩት ወደ 1.26፣ 10 ጊዜ ሲያሽከረክሩት ደግሞ ወደ 2.5 ቮልት ያገኛሉ። የሽቦውን ጫፎች መዳቡ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ፤ ኢናሜሉ ካልተነሣ ጅረት አያልፍም፣ በእኔ ግምትም ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቶቹን አይሰንጥቋቸው፤ ለሁለት የተከፈለ አንድ ቀለበት አቅጣጫው የማይለወጥ ጅረት ነው የሚሰጠው።

ከዚያ መልቲሜትሩን በዲሲ 200 ሚሊቮልት ላይ አድርገው ጥቅልሉን በሁለት ሰከንድ አንድ ዙር ያህል በዝግታ ያዙሩት፤ የመቀነስ ምልክቱ በየግማሽ ዙሩ ሲመጣና ሲጠፋ ያያሉ። ሁለት ኤልኢዲዎችን ጎን ለጎን፣ ዋልታቸውን አገላብጠው ካገናኙና በፍጥነት ካዞሩት ደግሞ ተራ በተራ ይበራሉ።