የእንጨቱ ፈቃድ የመንገዱ ፈቃድ አይደለም

ሰላም ለቤቱ።

ከኩታበር በላይ ያለው ወንድማችን የጠየቀውን አሁን ነው ያየሁት። ዘግይቼም ቢሆን ልመልስ። ላላነበባችሁ ጥያቄው ይህ ነው። የአሥራ ሁለት አባወራ ባሕር ዛፍ ለቆረጣ ደርሷል። ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣቸው በቀበሌው የወል ደን መሃል የሚያልፍ አንድ አሮጌ የመኪና መንገድ ነው። እሱንም ክረምቱ በልቶታል። ገንዘብ አዋጥተው ሎደር ይዘው ሲወጡ የደን ጥበቃው አስቆማቸው። የመቁረጫ ፈቃዳቸውን ቢያሳዩትም «ይሄ የእንጨት ነው» ብሎ መለሳቸው። የራሳችንን መውጫ ለመጠገን ደግሞ የምን ፈቃድ ነው? ከማንስ ነው የሚጠየቀው? ነው የሚለው።

አስተያየት ከሰጠው ሰው ግማሹ «ጥበቃው የሻይ ፈልጎ ነው» ብሏል። ይሆናል፣ ሰውየውን አላውቀውም። በያዘው ነጥብ ግን ልክ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሴ ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ ከተሁለደሬና ከደሴ ዙሪያ ጋራዎች አጣናና ቋሚ እየገዛሁ አወርዳለሁ። የዛሬ ሰባት ዓመት ግድም እንደናንተው ዓይነት መንገድ ገጠመኝ። ኅዳር ነው። የመቁረጫውም የማጓጓዣውም ወረቀት በእጄ ነው። አይሱዙው ታች ቆሟል። መንገዱን ግን ጎርፍ መሃል ለመሃል ቦርቡሮታል። በሰዓት የሚከፈለው ሎደር ተከራየሁ። ኦፕሬተሩ ጎበዝ ነው፣ ግን ችኩል ነው። ከላይ ያለውን ዳገት እየናደ ቦረቦሩን ሞላ። የተረፈውን አፈር በጠርዙ ወደ ታች ለቀቀው። እኔም ከጎኑ ቆሜ «በርታ» እላለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ደስ ብሎኝ ምሳ ጋበዝኩት።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። ባዶውን ነው። መሬት ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡትና «ልጄ፣ ውሃዬን የት አደረስኸው?» አሉኝ። ከመንገዱ ሥር ምንጭ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። የለቀቅነው አፈር ምንጩን ደፍኖታል፣ ሁለት እርከን ማሽላም አልብሷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ነው። ሥራው ቆመ። ሽማግሌ ተቀመጠ። የቀበሌው ቅሬ (የእድር) አባላት ከኔ የቀን ሠራተኞች ጋር ሁለት ቀን በአካፋ ሲዝቁ ዋሉ። ለማሽላው ካሳ ከፈልኩ። እንጨቱ ሜዳ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። የማጓጓዣ ወረቀቴም ቀኑ አለፈና እንደገና ጠየቅኩ። እሳቸው ይቅር ብለውኛል። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ቡናቸውን ሳልጠጣ አይለቁኝም። ከወጪው ሁሉ ግን ከአእምሮዬ ያልጠፋው ያ ባዶ ጀሪካን ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። መቁረጫው ስለ ዛፉ ነው። ማጓጓዣው ስለ ጭነቱ ነው። የእንጨቱ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የመኪናው ታርጋ፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይጻፍበታል። ኬላ ላይ የሚታየው እሱ ነው። ሁለቱም ወረቀቶች ስለ መሬቱ አንድ ቃል አይናገሩም። መሬት ስትቆፍሩ፣ ዳገት ስትንዱ፣ ውሃ አቅጣጫ ስታስቀይሩ ሌላ ጉዳይ ውስጥ ገብታችኋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገዱ የቆመበት መሬት የማን ነው የሚለው ነው። የ2010ሩ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ ደንን በአራት ይከፍላል። የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበር እና የመንግሥት ብሎ። ከዚያ በፊት የነበረው የ1999ኙ አዋጅ 542 የሚያውቀው የግልና የመንግሥትን ብቻ ነበር። ለእኛ ለውጡ ትንሽ አይደለም። የወል ደናችሁ በማኅበረሰብ ስም ከተያዘ፣ መጀመሪያ የምታንኳኩት በር የራሳችሁ ቀበሌና የደኑ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ነው። በመተዳደሪያ ደንባቸው ስለ መንገድ የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል። አንብቡት።

በገዛ ይዞታችሁ ውስጥ ያለችዋን መንገድ በዶማ ብትጠግኑ ጠያቂ የላችሁም። እንደ የጎፍ ያለ የመንግሥት ደን ከሆነ ግን በቀበሌ ቃለ ጉባኤ አትገቡም። ደኑን ከሚያስተዳድረው አካል የተጻፈ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነማ ጭራሽ ሌላ ነው። መልሱ ያለው ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፣ እዚያ «ትንሽ ጥገና» የሚባል ወሬ አያዋጣም።

ሁለተኛው፣ መንገዱን ማን ሠራው? ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ወሎ ውስጥ ጋራ ላይ የምናያቸው አሮጌ መንገዶች ብዙዎቹ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የመጡ ናቸው። ያኔ በምግብ ለሥራ እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተከል ለመኪና የተጠረጉ ናቸው። ችግኙ ደን ሆነ፣ መንገዱ ወላጅ አልባ ቀረ። በማንም መዝገብ ላይ የለም። አንዳንዱ ደግሞ ከ2003 ወዲህ በዩራፕ፣ ቀበሌዎችን በመንገድ በሚያገናኘው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የተሠራ ነው። እሱ ከሆነ ባለቤቱ የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ሎደር ሳታስገቡ ቀድማችሁ እነሱን አናግሩ። ምናልባት በጥገና ዕቅዳቸው ውስጥ ገብቶ ገንዘባችሁ ይተርፍ ይሆናል። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ተርፎልኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

እንግዲህ ጥገና ስንል የቱ ነው? የተደፈነ ቦይ መጥረግ፣ ጉድጓድ በድንጋይ መሙላት፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ማንሳት በእጅ የሚሠራ ነው። ለጥበቃውና ለኮሚቴው በቃል ነግሬ እሠራለሁ፣ ማንም ተናግሮኝ አያውቅም። ማሽን ሲገባ፣ መንገዱ ሲሰፋ ወይም ዳገት ሲቆረጥ በጽሑፍ ነው። ዛፍ የሚነካ ከሆነማ ከሁሉ በፊት። በተለይ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ካለ ጨርሶ አትሞክሩት። እኔ ለአንዲት ጥድ ብዬ መንገድ ያጠማዘዝኩበት ቦታ አለ። ሾፌሮቹ እስከ ዛሬ ይሰድቡኛል። በተፈጥሮ ደን ውስጥ አዲስ መንገድ እንቅደድ ካላችሁ ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይመጣል። ግምገማውን የሚያዘው አዋጅ 299 ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው። ጠጠርና አሸዋ ከወንዝ ማውጣትም በማዕድን በኩል የሚታይ ነው፣ የደን ባለሙያው ሊፈቅድላችሁ አይችልም።

አሁን እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ማመልከቻ ከመጻፌ በፊት ከጥበቃውና ከልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ጋር መንገዱን ከታች እስከ ላይ በእግሬ እሄዳለሁ። የተበላሸውን በእርምጃ እለካለሁ፣ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። ከመንገዱ ሥር ማን እንደሚኖር፣ ምንጭ የት እንዳለ፣ መቃብር መኖሩን እጠይቃለሁ። ከዚያ አንድ ገጽ ማመልከቻ ይበቃል። ከየት እስከ የት፣ በምን ማሽን፣ ስንት ቀን፣ የሚነሳው አፈር የት እንደሚደፋ፣ ዛፍ መነካት አለመነካቱ ይጻፍ። ስለ አፈሩ የሚለውን መስመር ባለሙያው ሲያነብ ፊቱ ይፈታል። ማንም አይጽፈውማ።

ቀበሌው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። የወረዳው የደን ባለሙያ ወጥቶ ያያል። ደብዳቤው ሲወጣ ለቀበሌው፣ ለደን ኮሚቴውና ለጥበቃው ግልባጭ መደረጉን ሳታዩ ከቢሮው አትውጡ። ጥበቃው በእጁ ወረቀት ከሌለው እንደገና ቢያስቆማችሁ አይፈረድበትም። ዋናውን ቤት አስቀምጡ፣ ኮፒው ሎደሩ ላይ ይሁን። የምትከፍሉት ነገር ካለ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ከሆነ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ መውጣት ነው።

መንገዱ የጎረቤት ማሳ ጫፍ የሚነካ ከሆነ ፈቃዱ ብቻ አያድናችሁም። የመሬት ደብተሩ በስሙ ያለው ሰው መፈረም አለበት። ሚስትየዋም ጭምር፣ ደብተሩ የሁለቱም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ ያጣ ባለመሬት ካሳ ከፍሎ ከጎረቤቱ መተላለፊያ እንዲጠይቅ የሚል ነገር አለው። ግን ፍርድ ቤት እስኪደርስ ባሕር ዛፋችሁ ድጋሚ ያቆጠቁጣል። ሽማግሌ ይሻላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እኛ አገር ክረምት ብቻ አይደለም፣ በልግም አለ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለችው ናት የመንገድ ጊዜ። ወረቀቱን መስከረም ላይ ካልጀመራችሁ ፈቃዱ ከበልግ ዝናብ ጋር እኩል ይደርሳል። ጥርና የካቲት ላይ የተፋሰስ ሥራ ስላለ ሕዝቡ ራሱ አካፋ ይዞ ይወጣል። ቀደም ብላችሁ በቀበሌው ዕቅድ ውስጥ ካስገባችሁት የመንገዱ ውሃ መውረጃ ቦይ አብሮ ሊሠራላችሁ ይችላል።

ስለ ቦይ ካነሳሁ ዝም አልልም፣ ታገሡኝ። መንገዱን የሚገድለው መኪና ሳይሆን ውሃ ነው። ሎደር ለስላሳ አድርጎ ቢጠርገው ለጎርፍ አስፋልት አነጠፈለት ማለት ነው። ቁልቁለት በሆነበት ሁሉ በየ20 እስከ 30 እርምጃው መንገዱን አግድም፣ ትንሽ ወደ ታች ሰያፍ አድርጋችሁ ቦይ ቁረጡበት። አፉ ላይ ድንጋይ ደርድሩ፣ አለበለዚያ ውሃው የወጣበትን ቦታ ይቦረቡራል። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ከዚያ ካለፈ አይሱዙው በአክሰሉ ይቀመጣል። ውሃው ማሳ ላይ እንዳይወርድ ቁጥቋጦ ወዳለበት ምሩት። ባለሙያው ወጥቶ ሲያይ ይህን ነው የሚፈልገው።

አንድ ዘመዴ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ እንጨት የሚጭን መኪና ይነዳል። እዚያ በመንግሥት የደን መንገድ ለሥራ የሚመላለስ ድርጅት የመንገድ መጠቀሚያ የሚባል ፈቃድ ለብቻው ያወጣል፣ የጥገናውም ግዴታ በዚያው ይመጣል። ሾፌሮቹ በየኪሎሜትሩ በሬድዮ «እዚህ ነኝ» እያሉ ነው የሚሄዱት፣ ጠባብ ነውና። እኛ ጋ ሬድዮው ጡሩምባ ነው። ጥገናውን ግን ማንም በወረቀት አላሰረብንም፣ ለዚህ ነው በየዓመቱ ከዜሮ የምንጀምረው።

ስለዚህ አሥራ ሁለታችሁ ሎደሩን ከመጥራታችሁ በፊት ተፈራረሙ። በአንድ ጭነት ምን ያህል ለመንገዱ እንደሚቀመጥ፣ ቦዩን ማን መቼ እንደሚጠርግ ጻፉት። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ሁለት ቀን መኪና እንዳይገባም ተስማሙ። ዋልካ ላይ ተጭኖ የሚወርድ አንድ አይሱዙ የወሩን ሥራ በአንድ ጠዋት ያበላሻል። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ እስኪያቆጠቁጥና ለአጣና እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ነው። በዚህ መሃል መንገዱ ክፍት ከተተወ ሌሊት ለሌላ ሰው ያገለግላል። እኛ ስንጨርስ መግቢያው ላይ ትልልቅ ድንጋይ እንደረድራለን፣ ለእግረኛና ለአህያ ብቻ እንተዋለን። ይህንንም ማመልከቻው ላይ ጻፉት። ደን ኮሚቴው ካመነታ ይህች መስመር ናት የምታስፈርመው።

የመጨረሻ ነገር፣ ርዕሱን «መንገድ ስለመሥራት» ብላችሁ እንዳትጽፉት። እኔ አንዴ እንዲያ ጽፌ አዲስ መንገድ ሊከፍት ነው ተብሎ ፋይሉ ሁለት ወር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሯል። «ነባር መንገድ ስለመጠገን» በሉ። ፎቶዎቹንም አያይዙ፣ የድሮው የጎማ መሄጃ የሚታይበትን ከላይ አድርጉት።