«አይጦቹ አልሞቱም፣ ሴፍ ነው ብዬ ልጻፍ?» ብላ ለጠየቀችኝ ልጅ

ሰሞኑን የእጽ መርዛማነት በአይጥ ላይ የምትሞክር አንዲት የማስተርስ ተማሪ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ዶክተር፣ 2000 ሚሊግራም በኪሎ ላይ 5ቱም አይጦች አልሞቱም፣ ሴፍ ነው፣ ጉዳት የለውም ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። መልሱ አጭር ነበር፣ ግን ስልኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ ማታም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም ድሮ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ጽፌያታለሁ።

ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአንድ ቅጠል የሜታኖል ኤክስትራክት፣ ማለትም በሜታኖል አልኮል ተዘፍዝፎ የወጣ ጭማቂ፣ መርዛማነት ነበር የምሠራው። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ለአንዷ ሴት አይጥ በኪሎ ክብደቷ 2000 ሚሊግራም በቱቦ ሆዷ ውስጥ ታጠጣና 24 ሰዓት ታያታለህ፣ ከተረፈች በሌሎቹ 4 ትቀጥላለህ፣ ከዛ እስከ 14 ቀን መከታተል ነው። በፒክሪክ አሲድ ቢጫ ቀብቼ ለየኋቸው፣ አንዷ ራሷ ላይ፣ አንዷ ጀርባዋ ላይ፣ አንዷ እግሯ ላይ፣ አንዷ ጭራዋ ላይ፣ 5ኛዋ ሳትቀባ። የማወራችሁ ስለ ጭራ ቢጫዋ ነው።

የመጀመሪያውን 4 ሰዓት ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት። ምንም የለም፣ ይሯሯጣሉ፣ ይበላሉ። ከ3ኛው ቀን በኋላ ግን ሰለቸኝ መሰለኝ፣ አድቫይዘሬም ድራፍት አምጣ እያለ ነው፣ በር ላይ ቆሜ 5 መሆናቸውን ቆጥሬ «ኖርማል» ብዬ እወጣ ጀመር። ኬጅ የሚያጸዱት ሰውዬ፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ አንድ ጠዋት ሰጋቱራ እየቀየሩ «አንተ ልጅ፣ ይቺ ጭራ ቢጫዋ እኮ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ አልነካችም» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች፣ ጀርባዋ ጎብጧል፣ ጸጉሯ ቆሟል፣ ሌሎቹ በላይዋ ሲረማመዱ እንኳ አትነቃነቅም። «ተጣልተው ነክሰዋት ነው ጋሼ» አልኩ። የንክሻ ምልክት አልነበረባትም። የ7ኛ ቀን ክብደቷንም አልመዘንኩም፣ ከጎረቤቷ ላይ ትንሽ ቀንሼ ሞላሁት።

በ9ኛው ቀን ሞታ አገኘኋት። ቀድጄ ጉበቷንና ኩላሊቷን ለማየት 10 ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር፣ መቀሱ እጄ ላይ ነው። አላየሁም። በፌስታል ጠቅልዬ ጣልኳትና ከስቶክ ሌላ አይጥ አምጥቼ ጭራዋን ቢጫ ቀባኋት። ቀና ስል ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። ምንም አላሉኝም፣ ውሃቸውን ቀይረው ወጡ። ከዛን ቀን በኋላ ስለ አይጦቼ አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ውሸቱ እንኳን አያስፈልገኝም ነበር። በተከተልኩት የሙከራ ጋይድላይን ከ5ቱ 3 ከተረፉ ኤልዲ50ው፣ ማለትም ግማሾቹን አይጦች የሚገድለው መጠን፣ ከ2000 በላይ ነው ይባላል፣ ስለዚህ የሷ ሞት ቁጥሩን ንቅንቅ አያደርገውም። የሚቀይረው ሌላ ነገር ነው። የማጠጫው ቱቦ በስህተት ሳንባ ገብቶ የምትሞት አይጥ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ነው የምትሞተው፣ በ9ኛው ቀን አይደለም። እየቆየ የሚገድል ነገር ካለ ጉበት ወይ ኩላሊት ላይ መፈለግ አለበት፣ በየቀኑ እየሰጡ የ28 ቀን፣ የ90 ቀን ሥራ ይጠይቃል። እኔ ያንን በር ነው የዘጋሁት። የዛን ቅጠል ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤልጅየም ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆነውን አንብቡት። ለመክሳት ተብሎ በሚሰጥ መድኃኒት ውስጥ አንዱ እጽ በስህተት በአሪስቶሎኪያ ተተክቶ ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ አንዳንዶቹ ላይ ቆይቶ የሽንት ቧንቧ ካንሰር መጣ። ወራት ወስደውት ነው እንጂ በአንድ ቀን የወደቀ ሰው አልነበረም። አንዴ አጠጥቶ 14 ቀን ማየት ይህን አያሳይም።

እና ልጄ፣ 2000ውን ከአይጥ ወደ ሰው መጠን ስትቀይሪው በ12 ገደማ ይካፈላል፣ 160 ሚሊግራም በኪሎ አካባቢ ነው የሚወጣው፣ ያን ያህል ሰማይ የነካ ዶዝ አይደለም። ደግሞ አንቺ በሜታኖል አውጥተሽ ሕዝቡ በውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ከሆነ የሞከርሽው እሱ የሚጠጣውን አይደለም። ጓንት፣ የኤቲክስ ፈቃድ ምናምን አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ።

የዛሬ ልጆች ግን ትቸኩላላችሁ፣ እውነቴን ነው። ኬጁ ፊት ቆሞ ስልክ የሚጎረጉር ተማሪ በየቀኑ አያለሁ፣ የጥናቱን ዲስከሽን፣ የውጤቱን ትንተና፣ ኤአይ ይጽፍለታል፣ ፒ ቫልዩ፣ ያቺ ውጤቱ የአጋጣሚ አይደለም የምታሰኘው ቁጥር፣ ካማረችለት ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ያኔ ስልክም አልነበረኝም፣ ታዲያ ምን አስቸኮለኝ? እንጃ። አይጥ አታባክኑ እያልኩ ስጮህ ነው የምታውቁኝ፣ ያኔ ቢሆን ግን ሌላ 5 አይጥ ጨምሬ እደግመው ነበር፣ አሁንም ብጠየቅ ድገሙት ነው የምለው።

ስለዚህ «ሴፍ» የምትለውን ቃል ለጊዜው ተያት፣ «በ2000 ሚሊግራም በኪሎ አንዴ ተሰጥቶ በ14 ቀን ሞት አልታየም» በይ። ኬጅ የሚያጸዳውን ሰው ደግሞ ምን እንዳየ ጠይቂው፣ ካንቺ የበለጠ እሱ ነው አይጦቹ ጋር የሚውለው። የክብደት ሠንጠረዡንም ላኪልኝ፣ የ7ኛውን ቀን ጨምሪበት፣ ባዶ ከሆነም ባዶውን ላኪው።